ሶፋው ለእንግዳ ነው

ወንድሜ «እርስዎ» ይለኛል። የሰማ ሁሉ «ታድለሽ፣ እንዴት ያለ ጨዋ ወንድም አለሽ» ይለኛል። ጨዋ! አንቺ ሲለኝ አድጎ፣ ፀጉሬን ሲጎትት፣ ከሳህኔ ላይ ሲነጥቀኝ ኖሮ፣ እናታችንን የቀበርን ለት ነው ድንገት አንቱ ያደረገኝ። ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ነን። በሕይወቴ እንደዚያ የሰደበኝ ሰው የለም፤ እሱ ግን ሰድቦኝም ይመሰገንበታል።

የሆነው እንዲህ ነው። ከቀብር መልስ ቤቱ በሰው ጢም ብሏል። እኔ ወንበር ላቅርብ፣ ሰው ልሸኝ ስል እሱ መሃል ቆሞ የሚቀመጥበት ጠፍቶታል። ከሰው አገር የደረሰው ለቀብሩ ብቻ ነው። እናቴ ስትታመም የለም፣ እኔ ሳገላብጣት የለም፣ ስትጣራ የለም። አንጀቴ አሮ ነበርና «አንተማ እንግዳ ነህ፤ ሂድ ሶፋው ላይ ቁጭ በል» አልኩት። አልኩት፣ ዛሬም እለዋለሁ። አየኝና «እሺ፣ እርስዎ እንዳሉ» ብሎ ሄዶ ተቀመጠ።

ይሄ «እንግዳ» የሚለው ቃል እንዴት እንደሚያቆስል የሚያውቀው እኛ ቤት ያደገ ብቻ ነው። እናቴ ሶፋውን ለሳሎን ገዛችው እንጂ ለእኛ አልገዛችውም። «ሶፋው ለእንግዳ ነው» ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ ነገር የለም። የምንቀመጠው ወለሉ ላይ ነው። የሶፋው ልብስ ሲያረጅ በአረንጓዴ ከፋይ ጨርቅ እኔ ሰፋሁላት፣ ደስ ብሏት መረቀችኝ፣ ወዲያው ከፋዩ እንዳይቆሽሽ ላስቲክ አለበሰችው፣ ላስቲኩ ደግሞ እንዳይቧጨር ዳንቴል ደረበችበት። እንግዳ የሚቀመጠው እንግዲህ ዳንቴሉ ላይ ነው።

ልጆች ሳለን እሷ ወጣ ስትል ወንድሜ ሶፋው ላይ ይዘላል፣ እኔ መስኮት ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ታላቅ ስለሆንኩ ዱላው እኔን ነው የሚያገኘኝ። «ቀጥሎ ተራሽ ነው» ይለኛል እየዘለለ። ከመታጠፊያው ብቅ ስትል «አንተ፣ ተነስ! እማዬ መጣች!» እላለሁ፣ ዘሎ ይወርዳል፣ የተጨማደደውን በመዳፋችን እናስተካክላለን። ተራዬ አንድም ቀን አልደረሰም። አድጎ ሰው አገር ከሄደ በኋላ ሊጠይቀን የመጣ ጊዜ እናቴ እጁን ይዛ ሶፋው ላይ አስቀመጠችው። ማክበሯ ነበር። እሱ ግን ፊቱ ጠቆረ፤ አየሁት።

ከቀብሩ በኋላ አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ ሶፋው የለም። ጎረቤቴ ወንድሜ በመኪና ጭኖ ሲወስደው አይታለች። ደወልኩለት። እንግዳ ነህ ብለውኛል፣ ሶፋው ደግሞ ለእንግዳ ነው፣ ታዲያ ምን አጠፋሁ እርስዎ፣ አለኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

እኔ የምሠራው ትልቁ የገበያ ማዕከል ውስጥ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የጠበበ አሰፋለሁ። አንድ ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስመጣ በሬ ላይ በአየር የተነፋ፣ ከእኔ የሚረዝም ሮዝ ጫማ ቆሟል። የጥበብ ፌስቲቫል ነው ተባለ። በደረጃው ጎን ቢጫ ሸርተቴ ተተክሏል፤ ትልልቅ ሰዎች ቦርሳቸውን አቅፈው ይንሸራተታሉ። ከባንኩ ማሽን አጠገብ ብር ሳይሆን ሙገሳ የሚተፋ ሌላ ማሽን አቁመዋል። በአጠገቡ ሳልፍ ወረቀት አወጣልኝ፣ «ዛሬ ፈገግታዎ ያበራል» ይላል። እሱም አንቱ ይለኛል! ቀዳድጄ እዚያው ጣልኩት።

በሸርተቴው ሥር ሰው ተሰብስቦ ይስቃል። አጮልቄ አየሁ። የእናቴ ሳሎን ነው። ሦስት ግድግዳ፣ መስኮቱ ከነመጋረጃው፣ መሃል ላይ ሶፋው። ላስቲኩ የለም፣ ዳንቴሉ የለም፤ የእኔ ከፋይ ራቁቱን ወጥቷል። ከጎኑ ሰሌዳ ቆሟል፦ «እንግዳ። ዝለሉበት!» ከሥሩ እናቱ ልጆቿን ሶፋው ላይ እንደማታስቀምጥ ተጽፏል፤ ከዚያ የወንድሜ ስም። ሠዓሊ ነኝ ይላል፣ ብሩሽ ይዞ አይቼው ግን አላውቅም። ልጆች ይዘላሉ፣ አባቶቻቸው ይዘላሉ፣ ሙሽሮች የሚመስሉ ጥንዶች ተቃቅፈው ዘለሉ። አንዷ «የማን እናት ናት እንዲህ ያለች ንፉግ?» ብላ ስትስቅ ሰማኋት።

ደሜ ፈላ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ አሉ። የፌስቲቫሉን አስተባባሪ ፈልጌ አገኘኋት፤ ትልቅ መነጽር ያደረገች ልጅ ናት። ያ ሶፋ የሟች እናቴ ነው፣ አውርዱልኝ አልኳት። ሥራው ስለ ደስታ መሆኑን፣ ስለተከለከለ ልጅነት መሆኑን እያስረዳች ትከሻዬን ደባበሰችኝ። ደስታ! ሰው እናቱን አደባባይ አውጥቶ እያስረገጠ ደስታ። ጥበቃውን ብጠራው እሱም የእሷን ደገመልኝ፤ የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ። መግባት ከፈለግሁ ተሰልፌ፣ ጫማዬን አውልቄ መሆኑን ነገረኝ።

እንግዲያው ብዬ ወደ ሱቄ ወጣሁ። ሶፋውን ይውሰደው፣ እንጨትና ሽቦ ነው። ከፋዩ ግን የእኔ እጅ ነው፣ የተመረቅሁበት ነው፤ ገፍፌ እወስደዋለሁ፣ እናቴ የገበያ መሳቂያ አትሆንም። የስፌት መተርተሪያዬን ኪሴ ከትቼ ወረድኩና ተሰለፍኩ። ጫማዬንም አወለቅሁ።

ተራዬ ሲደርስ አልዘለልኩም። ተንበርክኬ የፊቱን ስፌት መተርተር ጀመርኩ። የራሴ ስፌት ስለሆነ የት እንደሚጀምር አይጠፋኝም። መጀመሪያ አንዱ አጨበጨበ፤ ከዚያ ሁሉም አጨበጨቡ። የትርኢቱ አካል መስያቸዋለሁ! ስልካቸውን ደግነው ይቀርፁኛል። ሂዱ ከዚህ ብዬ ብቆጣ ይብስ ሳቁ። ጠላቴ እንኳ እንዲህ ያለ ሳቅ አይሳቅበት።

ከፋዩን ከፊት ገፍፌ በእቅፌ ሰብስቤ ቀና ስል ወንድሜ ፊቴ ቆሟል።

«እርስዎ፣ እባክዎን ይተዉ። ሰው እያየ ነው።»

«ይየኝ! አንተ እናትህን አይደል እንዴ ለሰው ያሳየኸው?»

«እኔ ምን እናት አለኝ? እንግዳ ነኝ እኮ» አለኝ።

ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ እኔ ግን አላዘንኩለትም። የከፋዩን ጫፍ ያዘ። ሳብኩ፣ ሳበ። ሁለት ጎልማሶች ጨርቅ ስንጓተት ሕዝቡ ግማሹ ለእኔ፣ ግማሹ ለእሱ ይጮሃል። እዚያ ያለ ሁሉ ጨዋታ መስሎታል፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ወንድሜን በጥርሴ ብነክሰው ደስታዬ ነበር። ድንገት ጨርቁ ከእጁ አመለጠው፣ እኔም ወደ ኋላ ተንደርድሬ ዘፍ አልኩ።

ሶፋው ላይ።

«አንቺ፣ ተነሺ!» ብሎ ጮኸ ወንድሜ። «እማዬ መጣች!»

ዘልዬ ተነሳሁ። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፤ እጄ ወዲያው የተጨማደደውን ማስተካከል ጀምሯል። የእሱም እጅ እዚያው ነው። ጎን ለጎን አጎንብሰን ሶፋውን በመዳፋችን እየዳበስን፣ ሁለታችንም አንገታችንን አዙረን ወደ ሕንፃው መግቢያ አየን። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። እናታችን የለችም።

ሳቁ በረደ። ምን እንዳዩ ባይገባቸውም አንድ ነገር ያዩ መሰለኝ። እሱ ቀና ብሎ «እር…» አለና ቀረ። ቃሉ ከአፉ አልወጣም። የኔም ቁጣ አልወጣም። ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም፤ ሁለታችንም የእናታችን ልጆች ነን፣ ግትርነቱ ከሷ ነው።

ዞር ብሎ ከጀርባው የቆሙትን ለዛሬ በቃ አላቸው። ወደ ውሸቱ መስኮት ሄደ፣ መጋረጃውን በአንድ ጣቱ ገለጥ አደረገ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ።

«ቁጭ በይ» አለኝ። «ተራሽ ነው። እኔ አያለሁ።»

ሄጄ በጥፊ ላጮለው አሰብኩ። ከዚያ ተቀመጥኩ። ለካ ሽቦው ይወጋል። ዕድሜ ልኬን የቀናሁበት ሶፋ ጎርባጣ ነው።

«ይወጋል እኮ» አልኩት።

«አውቃለሁ። ዝም ብለሽ ተቀመጪ» አለኝ ፊቱን ሳያዞር።

ተቀመጥኩ። ከፋዩን ግን ከእቅፌ አልለቀቅሁም።