ከገለጉ የመጣው ካርድ

«ላፕቶፑ የካሜራውን ካርድ አያየውም» አለ ለይኩን፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ።

«ትናንትም እንዲሁ ብለኸኛል።»

አገኘሽ ከሳንጃ ተነሥታ መተማ የደረሰችው ወንድሟ ቢሆነኝ በተቀበረ ማግሥት ነው። ደጅ ከማሽላ አገዳ በተሠራው ዳስ ለቀስተኛው ይገባል፣ ይወጣል። እሷ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ጓዳ ውስጥ ከወንድሟ የሥራ ባልደረባ ከለይኩን ፊት ተቀምጣ እጁን ትጠብቃለች። «ሌላ ሱቅ ወስጄ ልሞክረው» ሲላት አልፈቀደችም። ካርዱ ከዓይኗ ከራቀ ባዶውን እንደሚመለስ እርግጠኛ ነበረች።

ቢሆነኝና ለይኩን ገለጉ እርሻ ላይ ሠራተኞች ፎቶ አንሥተው ሲመለሱ ፒካፑ ከደረቅ ወንዝ ውስጥ ተገለበጠ። ለይኩን ግንባሩን ብቻ ተጫረ። «ይነዳ የነበረው ቢሆነኝ ነው» ብሎ ለፖሊስም ለዘመድም ተናገረ። ቀድመው የደረሱት ትራክተር ነጂዎች ግን ሟቹን ያነሣነው ከጋቢናው ቀኝ በኩል፣ ከተሳፋሪው ወንበር ነው ብለው አንሾካሾኩ። ወሬው ከአጎቷ ከደረበ ጆሮ ገባ። ከዚያ ወዲህ ጠመንጃቸው ከጉልበታቸው አልወረደም።

ላፕቶፑን ቢሆነኝ ከሱዳን ነጋዴ አሮጌውን ገዝቶ፣ ሲንቀራፈፍበት ሊኑክስ የሚባል ቀለል ያለ ሲስተም የጫነበት ነው። በሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች እያነሣ፣ ለእናቶቻቸው የሚልኩትን ፎቶ ያወጣላቸው ነበር። አምና አንዱ ፎቶውን ሳይወስድ በወባ ሞተበት። እናትየዋን ሦስት ወር በስልክ አፈላለገ፤ በመጨረሻ ራሱ ወሎ ድረስ ሄዶ ፎቶውን እጇ ላይ አኖረላት።

ለይኩን ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስኮት ከፈተ። ነጫጭ ጽሑፍ ተንጠባጠበ።

«የካርዱ ማንበቢያስ አለ። ኃይል ለመቆጠብ ተኝቶ ሲቀሰቅሱት ነው እንቢ ያለው። ድራይቨሩን አውጥቼ መልሼ ላስገባው።»

«ምኑን?»

«ማንበቢያውን የሚነዳው ፕሮግራም ነው።»

«የሚነዳው» አለች አገኘሽ፣ እያየችው።

ማሽኑ የይለፍ ቃል ጠየቀ። ለይኩን ሳያመነታ ጻፈ።

«የወንድሜን ቃል ከየት አወቅኸው?»

«ሱቁ የሁለታችን ነበር፣ እታለም።» ጣቱ ኢንተር ላይ ቆመ። «ከፈለግሽ ይቅር።»

ይሄኔ ይበልጥ ጠረጠረችው። «ንካው።»

ነካው። ካርዱን አውጥቶ መልሶ ከተተው። ፎቶዎቹ ተዘረገፉ።

የመጨረሻው ቪዲዮ ነው። ጥቁር አፈር፣ ግራና ቀኝ የቆመ የሰሊጥ ነዶ፤ ካሜራው ዞር ሲል መሪውን ሙጭጭ ያደረገው ለይኩን። የቢሆነኝ ድምፅ ይንቀጠቀጣል። «ወባዬ ተነሥቶብኛል። መንጃ ፈቃድ የለኝም እያለ ሲለምነኝ በግድ አስያዝሁት። እዩት፣ እንደ ኤሊ ነው የሚሄድ።» ሳቀ፤ ሳል አቋረጠውና ቪዲዮው አለቀ።

አገኘሽ ቀና ብላ አየችው። «ማጥፋት ትችል ነበር።»

«ድምፁ አለበት» አለ ለይኩን አንገቱን ደፍቶ። «በምን እጄ ላጥፋው?»

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ። አጎቷ ደረበ ጠመንጃቸውን እንዳነገቱ በሩ ላይ ቆሙ።

«ተከፈተ? ምን አለበት?»

ለይኩን ወደ አገኘሽ ዞረ።

«መንገድ ነው፣ አጎቴ። መንገድና ማሳ ብቻ ነው» አለች አገኘሽ።

ሽማግሌው ለይኩንን ረዘም አድርገው አዩት። ከዚያ መጋረጃውን ለቀው ወደ ዳሱ ተመለሱ።

አገኘሽ የላፕቶፑን ድምፅ ቀነሰች። ነጠላዋን በላዩ ጣል አድርጋ ጎንበስ አለችና ጆሮዋን ከድምፅ ማውጫው ጋር ገጠመች።

«ሳቁ ላይ መልስልኝ» አለችው።