የኋላው ፓራፋንጎ

የሰፈሩ ልብስ ሰፊ «እግዜር ያጥናሽ» ብለው ገና ከመቀመጣቸው ከጓሮ የመዶሻ ድምፅ ተሰማ። ቀስ ያለ፣ የማይቸኩል፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው አመታት ነበር። ሳሎኑን የሞሉት ለቀስተኞች እርስ በርስ ተያዩ። መስኮቱ ሥር የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ሟች ትናንት መቀበሩን፣ የሚቀጠቅጠውም የገዛ ወንድሙ መሆኑን በሹክሹክታ ተነጋገሩ። አንደኛዋ ሀዘኑ ጭንቅላቱን ሳይነካው አልቀረም አለች። ሌላዋ ድሮስ መቼ ጤና ነበረው፣ ሁለቱንም አሮጌ መኪና አይደል ያሳበዳቸው ስትል ሳቋ አመለጣትና አፏን በሻርፗ ያዘች።

የሟች ሚስት ሰምታታለች። አልተቀየመችም፤ እንዲያውም ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የከንፈሯ ጫፍ ላላ አለ።

«ተዉት ይቀጥቅጥ» አለች። «እኔን የሚያሳስበኝ ጸጥ ሲል ነው።»

ቀጥቃጩ በጋራዡ ወለል ላይ ተንበርክኮ ነበር። ከፊቱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራች ጥቁር መኪና ቆማለች፤ አፍንጫዋ ረጅም፣ የፊት መብራቶቿ የድስት ክዳን የሚያህሉ፣ ወንበሮቿ እውነተኛ ቆዳ። በዘመኗ ሀብታም ያልሆነ በሩቁ ብቻ ነበር የሚያያት። ወንድማማቾቹ የኖሩት እንዲህ ያሉትን የጥንት ቅንጡ መኪኖች እያደሱ ነው። ሞተሩ፣ ሽቦውና የዳሽቦርዱ ሰዓት የታላቅየው ድርሻ ነበር። ቆርቆሮው የታናሽየው ነው፤ የተጣመመ ያቃናል፣ የጎደጎደ ይመልሳል። በዚህ ሥራ የሚስተካከለው እንደሌለ እሱም ያውቃል፤ ለማያውቅም ይነግራል።

ሟችን ሰው ሁሉ የሚጠራው «ኦርጅናል» እያለ ነበር። ፋብሪካው ከገጠመው ዓይነት ካልሆነ በስተቀር አንዲት ብሎን አያስርም። ለአንድ የበር እጀታ ክረምትና በጋ ጠብቆ፣ ሲመጣለት ቀለበት እንደተሰጠው ሙሽራ ለመንገደኛው ሁሉ አሳይቷል። ደንበኞቹ መኪናቸውን ከቀጠሮው ብዙ ዘግይተው ነበር የሚወስዱት፤ ሲወስዱ ግን አመስግነው ነው።

ይህ ሰው ታዲያ በዚህችው በገዛ ጥቁር መኪናው የኋላ ፓራፋንጎ፣ ጎማውን በሚሸፍነው ቆርቆሮ ላይ፣ በግራ በኩል፣ መዳፍ የሚያህል ስርጉድ ይዞ ኖረ። ታናሽየው ገና ወጣት ሳለ ሌላ ከተማ ሠርቶ ሲመለስ ነው ያየው። ታላቅየው ስገፋት ገጨኋት ብሎ አለፈው። ታናሽየው ለሰላምታ ያህል ብሎ ያን ዕለት ጠዋት አቃናው። ምሳ በልቶ ሲመለስ ስርጉዱ ቦታው ላይ ነው። ታላቅየው የእንጨት መዶሻውን ወደ ቦታው እየሰቀለ ነበር።

«ጋሼ፣ አንተ ነህ?» አለ ታናሽየው ማመን አቅቶት።

«እኔ ነኝ።»

«ፋብሪካው እኮ ይሄን አልሠራውም።»

«እሱም ኦርጅናል ነው» አለና ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለ።

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል። መኪናዋ ቀለም በሚያስፈልጋት ቁጥር ታናሽየው ያቃናል፣ ታላቅየው ቀለሙ ሳይቀባ መልሶ ያጎደጉዳል። ጥልቀቱ እንኳ አይዛነፍም። ስለዚህ ነገር አይጣሉም፣ አይነጋገሩምም። ታላቅየው በየጠዋቱ ጋራዡን ሲከፍት በስርጉዱ በኩል ያልፍና መዳፉን ያሳርፍበታል። ታናሽየው ይህን ሲያይ ይበግናል። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ዓይኑ እዚያች ላይ የሚያርፍ ይመስለውና ባለሙያ እንዳልሆነ ይቆጠርብኛል ብሎ ይጨነቃል።

አሁን ግን መልሶ የሚያጎደጉድ የለም። እሁድ ለመታሰቢያው ወንድማማቾቹ ያደሱላቸው ሰዎች ሁሉ በየመኪናቸው ይመጣሉ፤ ይህችን ጥቁር መኪና ከፊት አስቀድመው እስከ መቃብሩ ሊሄዱ ተነጋግረዋል። ወንድሙን ያለ እንከን መሸኘት ፈለገ። እውነቱን ለመናገር ማሸነፍም ፈልጓል።

መዶሻውን አስቀምጦ በጣቶቹ ዳሰሰው። ልስልስ ብሏል። የነበረበትን እሱ ራሱ እንኳ ሊለየው አልቻለም። የዝገት መከላከያውን ቀባና በልማዱ ዞር ብሎ ወደ በሩ አየ። ያ ጫማውን የሚጎትት የወንድሙ እርምጃ ሊመጣ ይገባ ነበር። አልመጣም። ባዶ ጋራዥ ውስጥ ማሸነፍ እንዲህ የማይጥም መሆኑን ማን ነግሮት ያውቃል። ወንድሙ ናፈቀው፤ መጥቶ ቢያበላሽበት ደስ ይለው ነበር።

በሳሎኑ ከድሮ ደንበኞቹ አንዱ የሆኑ ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ጨዋታ ይዘዋል። ኦርጅናል የእሳቸውን መኪና ካስረከበ ከዓመት በኋላ አንድ ማታ ቤታቸው እራት ላይ መጥቶ፣ ደህና አመሻችሁ ሳይል የመኪናውን ቁልፍ ጠየቃቸው። የሰዓቱ መስታወት ሲከነክነው ኖሮ ትክክለኛውን አግኝቶ ነው። ቀይሮ ሲጨርስ ገብቶ እራቱን በላ፤ ወጡ ጨው ይጎድለዋል ብሎም ሄደ። እንግዳው ሁሉ ሳቀ። ልብስ ሰፊው ዕንባቸውን ጠረጉ፤ የሳቅ ይሁን የሀዘን እሳቸውም አላወቁትም።

ሚስትየው በዚህ መሃል ማንቆርቆሪያውን አንስታ ለዋርሳዋ፣ ለባሏ ወንድም፣ ቡና ልትሰጥ ወጣች። ያች ማንቆርቆሪያ የታናሽየው ሌላዋ ቁስል ናት። አንድ ጊዜ ወድቃ ጎኗ ቢገባ፣ ቤት ውስጥ እሱን የመሰለ ባለሙያ እያለ፣ ወስዳ ለገበያ ቆርቆሮ ሠሪ ሰጠቻት። ያም ሰው አጣሞ መለሳት። ታናሽየው ቡና በተቀዳለት ቁጥር ዓይኑን ከተጣመመው ጎን መንቀል ያቅተዋል።

ኩባያውን ሰጥታው ቀና ስትል ፓራፋንጎውን አየችና ባለችበት ቆመች።

«አቃናኸው?»

«አዎ እትዬ። እሁድ ሰው ሁሉ ያየዋል፤ እንደጎደጎደ ይሂድ እንዴ?»

ጠጋ ብላ ቦታውን ስትፈልገው አጣችው። «ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት አቃተህ?»

«ምኑ?»

«ማቃናቱ ነዋ። በየዓመቱ አሠራው እያልኩ ስለምነው ‹ልጁ ስንቴ ሞከረው፣ ከእጁ በላይ ሆነበት። እንዳታነሺበት፣ ያፍራል› ይለኝ ነበር።»

ታናሽየው ኩባያውን አስቀመጠ። እሱ በግማሽ ሰዓት እንደሚያቃናው፣ መልሶ የሚያጎደጉደው ራሱ ባሏ እንደነበር እየተንተባተበ ነገራት። እሷ የተጋደመ ጎማ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በባሏ ትእዛዝ ከጋብቻዋ በፊት ጀምሮ ሆዷ ውስጥ የያዘችውን አወጣችው።

መኪናዋ የተገኘችው በሚስትየው አባት ግቢ፣ የዶሮ ማደሪያ ሆና መሆኑን ታናሽየውም ያውቃል። ልጅቱ ከኋላው ወንበር ዕንቁላል ትለቅም ነበር። ኦርጅናል መኪና ሊገዛ ሄዶ ሚስት ይዞ መጣ እየተባለ ሲቀለድ ኖሯል። ያልሰማው ሞተሩ መጀመሪያ የተነሳበትን ቀን ነው። ያን ቀን እሱ ሌላ ከተማ ነበር። አባቷ መሪ እንዳትነካ ከልክለዋት ነበር፤ ኦርጅናል ግን አባትየው ከቤት ሲወጡ ጠብቆ ከመሪው ኋላ አስቀመጣት። ወደ ፊት ልትሄድ ወደ ኋላ ሄደችና የውሃ ታንከሩን ምሰሶ ገጨችው።

«ያለቀልኝ መስሎኝ ነበር» አለች። «ወርዶ አየው። ከዚያ ሳቀ፤ መኪናዋን ተደግፎ እስኪንበረከክ ሳቀ። ከዚያ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹መግጨትሽ ካልቀረ ዕድሜ ልክሽን የኔን መኪና ግጪ።› በቃ፣ ሽምግልናውም እሱው ነው። ለአባቴ ‹እኔ ነኝ የገጨኋት› አላቸው።»

እሷ ማንቆርቆሪያዋን አንስታ የተጣመመውን ጎን አሳየችው።

«ይህችንም ላንተ ያልሰጠኋት ለዚህ ነው። ካቃተህ ይከፋሃል ብዬ።»

መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። እሷ ተከተለችው። ሁለቱንም አንድ ሰው ዕድሜ ልካቸውን ተጫውቶባቸው ነበርና እሱን እያሙ፣ እየረገሙ፣ እየመረቁ ጎናቸውን እስኪያማቸው ሳቁ። መስኮቱ ሥር ያሉት ሴቶች እብደቱ እሷንም ያዛት ተባባሉ። ከዚያ ሳቁ በመሃል ተሰበረና ሁለቱም አለቀሱ።

ዓይኑን ሲጠርግ የእንጨት መዶሻውን ከመስቀያው አወረደ። ሰነዘረ፤ እጁ አየር ላይ ቀረ። ደገመ፤ እንደዚያው። ቀጥ ያለ ቆርቆሮ መትቶ አያውቅም። መዶሻውን ወደ እሷ ዘረጋ።

«እኔ የማውቀው ማቃናት ነው እትዬ። የዚህኛው ባለሙያ አንቺ ነሽ።»

የመጀመሪያው ምቷ ፈሪ ነበር። ሁለተኛው ጋራዡ ውስጥ አስተጋባ። ጎንበስ ብለው አዩት፤ ከድሮው ትንሽ ወደ ግራ ሸሽቷል።

«ሳትኩት መሰለኝ» አለች።

«አልሳትሽውም» አለ። በማግሥቱ ከነስርጉዱ ጥቁር ቀለም ቀባው።

እሁድ ጎዳናው በጥንት መኪኖች ተሞላ። ባለቤቶቹ አጥበው፣ ወልውለው፣ እንደ ሠርግ አሳምረዋቸዋል። የጥርስ ሐኪሙ ጥቁሯን መኪና እየዞሩ ሲያደንቁ ከኋላዋ ደርሰው ቆሙ።

«ይቺን ጉድ ኦርጅናል እስከ መጨረሻው ተዋት?» አሉ፣ ሁሉም እየሰማ። «አንተ እያለህ?»

ሚስትየው ዋርሳዋን አየችው። እሱ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ፤ ለብዙ ዓመት ያዘጋጀው መልስ ምላሱ ላይ ነበር።

«ስንቴ ሞከርኩት» አለ። «ከእጄ በላይ ሆነብኝ።»

በሩን ሊከፍትላት ሲያልፍ መዳፉን ስርጉዱ ላይ አሳረፈ። ከኋላ የተሰለፉት ሞተር አስነስተው እየጠበቁት፣ ቆርቆሮው ከእጁ ሥር እስኪሞቅ እዚያው ቆየ።