የለሰለሰው ነዳጅ

የሰቆጣ ሰው ስም ለማውጣት አይቸገርም። ከገጠር ሕመምተኛ እንድታመላልስ የመጣችው ትንሽ አውሮፕላን በቤንዚን ሳይሆን ከስኳር ፋብሪካ በሚመጣ አልኮል እንደምትበር የተሰማ ዕለት «አረቄ ጠጪዋ» ተባለች። ገበያተኞቹ በሜዳው አጥር ሥር ሲያልፉ «ዛሬ ቀምሳለች ወይስ በባዶ ሆዷ ናት?» ይላሉ። አብራሪው የኔሰው የጋዝጊብላ ልጅ ነውና ቀልዱ አይከፋውም። «ጠጥታም ቤቷን አትስትም፤ ከእናንተ ባሎች ትሻላለች» ብሎ ይመልስላቸዋል።

ሰገነት ግን በዚህች አውሮፕላን ቀልዳ አታውቅም። የኬሚስትሪ መምህርት ናት፤ ነዳጁን የመመርመር አደራም የተሰጣት ስለዚሁ ነው። ባሏ ያረፈው ከሰሃላ በቃሬዛ ሲያመጡት፣ ሰቆጣ ሳይደርስ ነበር። የተሸከሙት ሰዎች «አልተሠቃየም» አሏት። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ተቀበለች። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ መንገድ ከማንም ጋር ተነጋግራ አታውቅም።

የአልኮሉ በርሜል የመጣ ጊዜ በገዛ እጇ ለክታ፣ ጥራቱን አይታ አሽጋው ነበር። የመጋዘኑን ቁልፍ ግን የአስተዳደሩ ኃላፊ አቶ ፋንታሁን ወሰደው። «እስቲ ደግሜ ልለካው» ባለች ቁጥር «የአውሮፕላኗ ምረቃ ሲደርስ» ትባላለች። ምረቃው ደግሞ ትልቅ እንግዳ ይጠበቃል እየተባለ ከወር ወደ ወር ይገፋል። ሰሃላ ላይ ገበሬዎቹ ድንጋዩን ለቅመው ያሰናዱት ማረፊያ ሜዳ ሣር በቀለበት።

በምረቃው ዋዜማ፣ ገና በጠዋቱ፣ ከሰሃላ ጤና ጣቢያ ስልክ ተደወለ። ጥሩሐረግ የምትባል ሴት ምጥ ጠንቶባታል፤ ልጁ ተጋድሞ አልወጣ ብሏል። «ቀዶ ሕክምና ካላገኘች ሁለቱንም እናጣለን» አለች ነርሷ።

የኔሰው ምረቃ አልጠበቀም። ቁልፉን አስፈልጎ ረፋዱ ላይ መጋዘኑን አስከፈተ፤ ታንኩን ሞላና ሞተሩን አስነሣ። ሞተሩ ቧንቧው ውስጥ በቀረው በፊተኛው ነዳጅ ደህና አድርጎ ጮኸ። ሜዳውን እኩሌታ ሳይጨርስ ግን ሳል እንደያዘው ሽማግሌ ትክ ትክ ብሎ ጸጥ አለ።

የኔሰው ወርዶ ከታንኩ ሥር በብርጭቆ ቀዳና ወደ ፀሐይ አነሣው። «ምንም አላይበትም። ቤንዚን ቢሆን ውሃው ከሥር ተለይቶ ይታየኝ ነበር።»

«አልኮል ውሃን አይለይም። አቅፎ ይደብቀዋል» አለች ወሬውን ሰምታ ወደ ሜዳው የመጣችው ሰገነት። የአልኮል ብርታት የምትለካበትን መለኪያዋን ከተተችበት። ጠልቆ መግባት የነበረበት መለኪያ እንደ ቡሽ ተንሳፈፈ። ከነዳጁ እኩሌታው ውሃ ነበር።

መጋዘን ጠባቂው አያ መንግሥቴ ከበሩ አጠገብ ቆመዋል። በአካባቢው የተከበሩ፣ ውሸት የማይወዱ ሰው ናቸው።

«አያ መንግሥቴ፣ ይህን በርሜል ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ። አለሰለስሁት።»

«ምን አደረጉት?»

«አለሰለስሁት እንጂ። ሆቴሉ ለወጥ ማሞቂያ ይሁነኝ ብሎ እኩሌታውን በጀሪካን ወሰደ። የዓመቱ ስብሰባ ሁሉ የሚበላው እዚያ አይደል? አቶ ፋንታሁን ደግሞ ‹ጎድሎ እንግዳ እንዳያየው ሙላው› አሉኝ። በምን ልሙላው? ዳግም አረቄ ሲበረታብሽ አንቺስ ምን ታደርጊያለሽ? ውሃ ጠብ ታደርጊበታለሽ። አረቄነቱ ይቀራል? አይቀርም። ለሞተሩም አዝኜለት ነው፤ ያ ሁሉ ኃይል አንጀቱን እንዳያቃጥለው።»

እውነታቸውን ነው። በዚያ አገር ሁለት ጊዜ የወጣው አረቄ፣ ዳግም የሚሉት፣ ሳይለሰልስ ለእንግዳ አይቀርብም። ውሃ መጨመር ማታለል አይደለም፤ ወግ ነው። ሰገነት ሽማግሌውን አየቻቸው። ቁጣዋ የሚያርፍበት ቦታ እሳቸው ዘንድ አልነበረም።

«ስብሰባዎቹ ስለ ምን ነበሩ?»

«ስለዚችው ስለ አውሮፕላኗ ነዋ።»

የኔሰው ሊስቅ ከጀለና ፊቷን ሲያይ ተወው።

«ታንኩን ድፋና እጠበው» አለችው። «እመጣለሁ።»

ሆቴሉ ውስጥ ምሳ ቀርቧል። የምረቃው እንግዶች ሳህን ይዘው ተሰልፈዋል። በየወጡ ሳህን ሥር ትንንሽ ሰማያዊ ነበልባሎች ይንቀለቀላሉ፤ የጠራ፣ ጭስ የሌለው፣ ያማረ እሳት።

«መምህርት፣ በሰዓትሽ መጣሽ» አለ ፋንታሁን። «እጅሽን ታጠቢና ብይ እንጂ።»

«የአውሮፕላኗን ነዳጅ ልወስድ ነው የመጣሁት።»

ፋንታሁን ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «በእንግዳ ፊት አታዋርጂኝ። ከምሳ በኋላ እንነጋገርበታለን። አሁን ብታነሺው ወጡ ይቀዘቅዛል።»

«ይቀዝቅዝ።»

ክዳን አንሥታ ነበልባሎቹን አንድ በአንድ አፈነቻቸው። አንድ እንግዳ ጭልፋውን እንደያዘ «ምን ሆነሻል?» ሲል ጠየቃት።

«ይህ ወጥ የሞቀው በአንዲት ወላድ ነዳጅ ነው» አለችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ሰሃላ ላይ ተኝታ ትጠብቃለች።»

ሰውየው ሳህኑን አስቀመጠ። ከኋላው ያለው ግን ተራው በመድረሱ ቀደም ብሎ ቀዳ።

ጀሪካኖቹ በወጥ ቤቱ ጓዳ ተደርድረዋል። እዚያው ለካችው፤ መለኪያው ጥልቅ አለ። ፋንታሁን በሩ ላይ ቆሞ «ሪፖርቱ ላይ ምን ሊባል ነው?» ይላል።  ሰገነት ተከትለዋት ከመጡት ከአያ መንግሥቴ ጋር ጀሪካኖቹን ተሸክማ ወጣች።

አውሮፕላኗ ከቀትር በኋላ ተነሣች። ሞተሩ አላሳለም። የኔሰው ጥሩሐረግን ይዞ ሲመለስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር። ሐኪሞቹ እናቲቱን አተረፉ። ለልጁ ግን አልደረሱለትም።

በማግስቱ ሪባን ተቆረጠ። «አውሮፕላናችን ገና ሳትመረቅ የአንዲት እናት ሕይወት ታድጋለች» አለ ፋንታሁን። ሜዳው በጭብጨባ ተናወጠ። ጭብጨባው ሆስፒታሉ ድረስ ተሰማ። ሰገነት እዚያ ነበረች።

የጥሩሐረግ ክፍል በር ላይ የሆስፒታሉ ነርስ እጇን ያዘቻት። «ከጠየቀችሽ የእግዜር ፈቃድ ነው በያት። ለስለስ አድርጊላት።»

ጥሩሐረግ በሁለት እጆቿ ባዶውን ነጠላ ይዛ ተጋድማለች። ሰገነት አጠገቧ ስትቀመጥ ዞራ አየቻት።

«እትዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሰማይ ሰማይ ሳይ ነበር። ‹ትመጣለች› ብለውኝ ነበር። ምን አዘገያት?»

ከሜዳው ሌላ ጭብጨባ መጣ። ሰገነት እስኪያልፍ ጠበቀች። «አልተሠቃየም» ያሏት ሰዎች ፊት አንድ በአንድ መጣባት፤ ደጎች ነበሩ። እስከ ዛሬ ግን ያን መንገድ በሐሳቧ ስትሄደው፣ ባሏ ያረፈበትን ስፍራ ስላልነገሯት፣ የት ላይ እንደምትቆም አታውቅም።

የጥሩሐረግን እጅ ያዘች። ከወጥ ማሞቂያው ጀምራ፣ ውሃ ጠብ ሳታደርግበት፣ ነገረቻት።