የነጻው ክራክ

ከዓለም ገና እስከ ሰበታ ድረስ ሜሪ የማትሰብረው ሶፍትዌር ገና አልተሠራም። ይህን የምትለው ሜሪ ራሷ ናት፤ ሌላ ምስክር የለም። ዕድሜዋ ዐሥራ ስድስት ነው። ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ «ይበቃኛል» ብላ ትታ ዓለም ገና ላይ ለሰው ደብዳቤ የሚጽፈው የእትዬ ብዙነሽ ጽሕፈት ቤት ገባችና ብቸኛው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲህ የሚያስነሣት አልተገኘም። የጴንጤ ልጅ ስለሆነች ማተብ አታስርም፤ በማተቡ ፋንታ አንገቷ ላይ ፍላሽ አንጠልጥላለች።

ጊዜው የማስተር ፕላኑ ግርግር የበረታበት ታኅሣሥ ነበር። የጅማው መንገድ አንድ ቀን ይዘጋል፣ አንድ ቀን ይከፈታል። ኢንተርኔቱ ግን መዘጋቱን ያውቃል እንጂ መከፈቱን ረስቶታል። በዚህ መሀል ኦቦ ደገፋ የሚባሉ ገበሬ ማሳቸው ጥግ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ የወሰን ድንጋይ አገኙ። ማን እንደቀባው፣ ለምን እንደቀባው የሚነግራቸው ቢያጡ ቅሬታቸውን በጽሑፍ ሊያቀርቡ ቆረጡ። ቀበሌው የሚቀበለው እስከ ሰኞ ጠዋት ነው። ከዚያ ካለፈ መሬቱ ከድንጋዩ ጋር ሊሄድ ነው።

ዓርብ ዕለት ሜሪ ደብዳቤውን ልትጽፍ ስትል የመጻፊያው ፕሮግራም ቀይ መስመር አውጥቶ እምቢ አለ። አምና ራሷ ሰብራ የጫነችው ነበር፤ ጊዜው አልፎበታል። የተጻፈውን ማንበብ ይፈቅዳል፤ አንዲት ፊደል መጨመር ግን አይፈቅድም።

«ምን ሆነ?» አሉ ኦቦ ደገፋ።

«ምንም። ትንሽ አኩርፎ ነው።»

«ኮምፒውተር ያኮርፋል እንዴ?»

«ሰው ቆሞ ሲያየው አዎ።»

አብሯቸው የመጣው የወንድማቸው ልጅ ያደታ ሳቀ። ዩኒቨርሲቲው ሲረበሽ ወደ ቤቱ የተመለሰ የኮምፒውተር ተማሪ ነው። ከኪሱ ፍላሽ አወጣ፤ ከፍላሹ ጋር የተጣጠፈ የደብተር ወረቀት።

«ለመጻፍ ሊብሬ ኦፊስ» አለ እያነበበ። «ለፊልም ቪኤልሲ። የታመቀ ፋይል ለመፍታት ሰቨን ዚፕ። ፎቶ ለመነካካት ጊምፕ። ከታች ያሉት ደግሞ ኮድ ለሚጽፍ ሰው ናቸው፤ ፓይተን፣ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ። አንቺም ሞክሪው፣ ፕሮግራም መሥራት ትችያለሽ።»

«እኔ እሰብራለሁ እንጂ አልሠራም» አለች ሜሪ።

ሊብሬ ኦፊሱን ጫነላት። ኦቦ ደገፋ ዐይናቸውን ጨፍነው በኦሮምኛ ተናገሩ፣ እሷ በቁቤ ፊደል መታች፣ ሦስት ገጽ ሞላ። ሴቭ አድርጋ ፕሪንት ልታደርግ ስትል መብራት ጠፋ። «እሑድ ከሰዓት ይምጡ» አለቻቸው።

ያደታ ሊወጣ ሲል ከበሩ መለሰችው። «ክራኩስ? መስበሪያው?»

«የምን ክራክ?»

«የዚህ ነዋ! የጫንክልኝ!»

«ሜሪ፣ ነጻ ነው። የሠሩት ሰዎች ውሰዱ ብለው የሰጡት ነው። ቁልፍ የለውም።»

«ከሠላሳ ቀን በኋላስ?»

«ከሠላሳ ዓመት በኋላም።»

ሜሪ ከንፈሯን መጠጠች። የጽሕፈት ቤቱ ሽንት ቤት እንኳ ቁልፍ ባለው አገር ይህን የሚያህል ፕሮግራም ያለ ቁልፍ? ክራኩን ደብቆባታል፤ ሌላ ምን ይሆናል?

ቅዳሜ መብራት አልመጣም። ታክሲም ባጃጅም አልነበረም። ሜሪ በተቃጠለ ጎማ ሽቦ ላይ እየተራመደች ወደ ሰበታ በእግሯ ወረደች። አስፋልቱን በድንጋይ የዘጉ ጎረምሶች አስቆሟት።

«አካም፣ ወዴት ነው?»

«ክራክ ላመጣ።»

እርስ በርስ ተያይተው አሳለፏት።

ሰበታ መብራት ነበር። ዲኖ የሚባለው ፊልም ገልባጭ የሊብሬ ኦፊስን ስም ከዚያ ቀን በፊት ሰምቶ አያውቅም። ግን «የለኝም» ማለት ለእሱ ነውር ነው። «ላንቺ የሚጠፋ ነገር አለ?» ብሎ አንድ ፋይል ፍላሿ ላይ ጫነላት። ሜሪ አንገቷን ቀና አድርጋ ተመለሰች።

እሑድ ከቸርች ስትመለስ መብራቱ መጥቷል። ደብዳቤውን ፕሪንት ከማድረጓ በፊት «መጀመሪያ ቁልፉን ልስበርና ልረፍ» አለችና የዲኖን ፋይል ከፈተች። ስክሪኑ ጠቆረ። ሲመለስ የሰው ሁሉ ሰነድ የለም፤ የኦቦ ደገፋም የለም። አጥፍታ ብታበራው ዊንዶውሱ ጭራሽ አልነሣ አለ።

ኦቦ ደገፋ በቀጠሯቸው ሲደርሱ ሜሪ የማይነሣውን ኮምፒውተር በመዳፏ እየደበደበች ነው። የጠቆረውን ስክሪን አይተው ያደታን አስጠሩት።

ያደታ ሌላ ፍላሽ ሰካ። «ይሄ ኡቡንቱ ነው፤ በዊንዶውስ ፋንታ የሚነሣ። እሱም ነጻ ነው» አለ ሜሪን ሳያይ። ኮምፒውተሩ ዊንዶውሱን ምንም ሳይጠይቅ ከፍላሹ ተነሣ። ደብዳቤው እዚያው ነበር፤ ቫይረሱ ደብቆት እንጂ አላጠፋውም። ፕሪንተሩ ሦስቱንም ገጽ ተፋ። ኦቦ ደገፋ ወረቀቱን አራት አጥፈው በኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱት።

«ምን ጭነሽበት ነው?» አለ ያደታ።

«ክራኩን ነዋ» አለች ሜሪ። «አንተ ስትደብቅብኝ ጊዜ!»

«ክራክ ምንድን ነው?» አሉ ኦቦ ደገፋ።

«የሌባ ቁልፍ ይበሉት» አለ ያደታ። «ያልገዙትን ሰብሮ መክፈቻ ነው።»

ሜሪ አሁንም አልተሸነፈችም። «ቢሆንም ማን ያደርገዋል? መንገድ ተዘግቶ፣ ጎማ እየተቃጠለ፣ ሰበታ ድረስ በእግሬ ሄጄ ነው ያመጣሁት!»

ኦቦ ደገፋ ባርኔጣቸውን አደረጉ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በነጻ የሰጡሽን ነገር ለመስረቅ ነው ያን ሁሉ መንገድ የሄድሽው?»