ለክላይቭ ሦስት ደርዘን

አንገስ ደክሞታል። ድካሙ የዛሬ አይደለም፤ አብሮት ከከረመ ሦስት ዓመት አልፎታል። ሰባ ስምንት ሞልቶታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ መነጽር በመነጽር ላይ ደርቦም አጥርቶ አያይም። ታዲያ ክረምት በገባ ቁጥር ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ መንጠቆ የሚይዝለትን መቆንጠጫ ያስርና ለዓሣ ማጥመጃ ሦስት ደርዘን የውሸት ትል ይሠራል።

ሥራው ለጤነኛ እጅ ምንም አይደል። እንዲሰምጥ መንጠቆው ላይ የእርሳስ ሽቦ ይጠመጠማል። ለጅራቱ ሁለት ቀጫጭን የዝይ ላባ፣ ለሆዱ የጥንቸል ጠጉር፣ በላዩ ላይ ደግሞ የመዳብ ሽቦ ዞር ዞር ተደርጎ ይታሰራል፤ አለቀ። ወንዝ ውስጥ ከድንጋይ ስር የምትኖረውን ትል ቁርጥ ይመስላል፣ ትራውት የሚባለው ዓሣም አይቶ አያልፈውም። አንገስ ግን አንዷን ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ክሩ ይበጠሳል፣ ጅራቱ ይጣመማል፣ ተራግሞ እንደገና ይጀምራል።

ቢተወው ደስታው ነበር። ግን ክላይቭስ? አርባ ዓመት አብሮት ያጠመደው ክላይቭ በሱቅ ትል አንድ ዓሣ ይዞ አያውቅም፣ ራሱ መሥራት እንደማይችልም ይምላል። ያ ሰውዬ ወንዝ መውረድ ካቆመ ዓመት በሕይወት እንደማይቆይ አንገስ አልተጠራጠረም።

የማጥመጃው ወቅት በተከፈተ ቀን ሁለቱ ማታውራ ወደሚባለው ወንዝ ወረዱ። ረፋዱ ላይ ክላይቭ አንድ ትልቅ ትራውት ያዘ። ክላይቭን ጉልበቱን ስለሚያመው አንገስ ጎንበስ ብሎ ዓሣውን በመረብ ተቀበለና መንጠቆውን ከአፉ ነቀለ። ትሏን አያት። አንገስ ግራኝ ነው፤ ሽቦውን የሚጠመጥመው ሌላው ሰው ከሚያዞርበት በተቃራኒ ነው። ይቺ ግን በቀኝ እጅ የተጠመጠመች ነበረች።

«ይቺ የኔ አይደለችም» አለ።

ክላይቭ ባርኔጣውን ሲነካካ ቆየና ተናዘዘ። የአንገስ ትሎች ውሃ ሲነካቸው መፈታት ከጀመሩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። እሱም በሰባ ዓመቱ ከመጽሐፍ ተምሮ፣ እያንዳንዷን በምላጭ እየፈታ በዚያው መንጠቆ ላይ እንደገና ሲሠራ ከርሟል። ወገቡን ጨርሶታል።

«አትነግረኝም ነበር?»

«ሥራህን ከተውክ ትሞትብኛለህ ብዬ ነዋ።»

አንገስ ዓሣውን ለቀቀው። ሊናደድ ፈለገ፣ አቅም አጣ።

«እኔ እኮ ላንተ ብዬ ነው የምሠራው፣ አንተ ሽማግሌ። ሥራውንስ ማየት እስኪያስጠላኝ ድረስ ጠልቼዋለሁ።»

«እኔም» አለ ክላይቭ።

ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንዱ ሲያስር፣ አንዱ ሲፈታ፣ ሦስት ክረምት እንዲሁ አለቀ። አንገስ እንባው መጣ፤ ሀዘን አልነበረም፣ እፎይታ ነው። የማጥመጃ ዘንጋቸውን ማንም አላነሳም።

«ለመጪው ክረምትስ?» አለ ክላይቭ።

«እንተኛለን» አለው አንገስ።