አራት ጣት ቱቦ

ምስጋናው እጁ ጎበዝ፣ አፉ ሰነፍ ነው ይሉታል የደብረ ማርቆስ ሾፌሮች። የሞተ ሞተር አስነስቶ ይሰጣችኋል፤ «ተሳስቻለሁ» የምትለዋን ቃል ግን በጥማድ በሬ ስባችሁ ከጉሮሮው አታወጧትም። ሰው መቼም አመል አያጣም። መካኒክ ሲሆን ግን አመሉን ሌላ ሰው ተሳፍሮበት ይሄዳል።

ደመላሽ አበልጁ ነው። የምስጋናውን የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና ካነሳበት ቀን ጀምሮ፣ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ፣ ሁለቱ በስም ተጠራርተው አያውቁም። ሲስማሙም ሲኮራረፉም መጠሪያቸው «አበልጅ» ነው። የደመላሽ ሀብት አንዲት ያረጀች የጭነት መኪና ናት፤ ከጎጃም ጤፍ ጭኖ አዲስ አበባ ያደርሳል፣ ያገኘውን ጭኖ ይመለሳል። ይቺ መኪና ዘንድሮ ሳል ይዟታል። ማደያው ሲደርቅ ናፍጣ የሚገኘው ከመንገድ ዳር በጀሪካን ነው፤ የጀሪካኑ ናፍጣ ደግሞ ውሃና ዝቃጭ የበዛበት ነው። ባለፈው ሰኔ ፖምፓዋን በልቶባታል።

«አበልጅ፣ ከዚህ ቆሻሻ ገላግልልኝ» አለው ደመላሽ።

ምስጋናው ሁለት ሥራ አሰበ። አንደኛው ተጨማሪ ፊልትሮ ማሰር ነው፤ ሆዱ ብርጭቆ የሆነ፣ ውሃው ከሥር ሲጠራቀም በዓይን የሚታይ፣ ጠዋት ጠዋት ብሎኑን ላላ አድርገው የሚያፈሱት። ሁለተኛው በሰልባቲዮው፣ በናፍጣ ማጠራቀሚያው፣ ውስጥ ናፍጣ የሚስበውን ቱቦ ጫፉን ቆርጦ ከፍ ማድረግ ነው። ቱቦው ጫፉ የሰልባቲዮውን ወለል ሊነካ ምንም አይቀረውም፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚስበው ዝቃጩን ነው።

«አንድ ጣት ከፍ በልበት» አለ ደመላሽ። «ከአንድ ጣት በላይ ግን እንዳታስበው። ሥር ተኝቶ የሚቀር ናፍጣ የለኝም።»

እውነቱን ነው። የመኪናዋ የናፍጣ ጌጅ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል፤ በሱ ፋንታ አንዲት የወይራ ዘንግ አለቻቸው። ሰልባቲዮው ውስጥ ይነክሯትና እርጥቡ የት ድረስ እንደወጣ ያያሉ። በካራ የተጫሩባት መስመሮች ቁጥር የላቸውም፤ ያላቸው የከተማ ስም ነው። ከሥር የመጀመሪያዋ ደጀን ናት፣ ቀጥላ ጎሃ ጽዮን፣ ከዚያ ፍቼ። እርጥቡ ደጀን ላይ ከደረሰ ናፍጣው ከማርቆስ ደጀን ያደርሳል ማለት ነው። መስመሮቹን የጫረቻቸው የደመላሽ ሚስት ሥራነሽ ናት፤ ዘንጓን ሃያ ዓመት ሙሉ የምታነበውም እሷ ናት። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም።

የሥራው ዕለት ምስጋናው ቱቦውን ሲያወጣው ጫፉን ዝገት በልቶታል። አንድ ጣት ቆረጠ። አሁንም የተበላ ነው። ሌላ ጣት፣ ሌላ ጣት፣ ጤነኛ ብረት እስኪያገኝ ድረስ። ሲጨርስ የተቆረጠው አራት ጣት ሆነ። ሦስት ጣት ቱቦ በይዶ ሊቀጥልበት ብየዳውን ሲሰካ መብራት የለም። አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ የሚለውን ለሰው ሁሉ ሲናገር የኖረው እሱ ነው።

በዚህ መሀል ደመላሽ እየሮጠ መጣ። ሰንብቶ የተዘጋው መንገድ ዛሬ ተከፍቷል፤ ነገ ግን ማን ያውቃል። ጎሃ ጽዮን ማደያ ናፍጣ ገብቷል ተብሏል። ሥራነሽም ከጤፉ ጋር አብራ ትሄዳለች፤ አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው ወልዳ፣ የመጀመሪያ የልጅ ልጇን ልታይ ነው። ቅቤውን በእቅፏ ይዛ ጋቢና ገብታለች።

«አልጨረስከውም እንዴ?» አለ ደመላሽ።

ምስጋናው ቱቦውን መለሰና አጠበቀው። ሲመለስ እበይደዋለሁ አለ በልቡ። አሁን ግን እነግረዋለሁ፣ ይህን ያህልማ አልደብቅም አለ። ፊልትሮውን አሳየው፣ ብሎኑን አሳየው፣ ሞተሩን አስነሳለት፤ ሳል የለ፣ ጭስ የለ። ደመላሽ ጋራዡ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ጠርቶ፣ «እጅ ማለት ይህ ነው! እጅህ ይባረክ አበልጅ» አለ። እንግዲህ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አራት ጣት ቆርጫለሁ ተብሎ ይነገራል?

ሥራነሽ ከጋቢናው ወርዳ ዘንጓን ነክራ አወጣች። «ከጎሃ ጽዮን አንድ ጣት ከፍ ብሏል» አለች ለባሏ። «ቱቦው ከፍ ያለባትን አንድ ጣት ያቻችላታል። ይበቃናል።» ይህን ምስጋናው በጆሮው ሰምቶታል። ልቡ ግን ገና ምርቃቱን እየጠጣ ነበር።

መኪናዋ ከሄደች ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ዕቃውን ሲሰበስብ፣ የተቆረጡት ቁርጥራጮች እጁ ገቡ። በጨርቁ ላይ ደርድሮ ጣቶቹን አጋደመባቸው። አራት። ያን ጊዜ የሥራነሽ ድምፅ ተመልሶ መጣበት። ዘንጓ ጎሃ ጽዮን ብላለች፤ ቱቦው የሚስበው ግን ደጀን ድረስ የምትበቃውን ብቻ ነው። ከደጀን በኋላ ያለው ደግሞ የዓባይ በረሃ ነው። ቁልቁለት ላይ ናፍጣው ወደ ፊት ሲሸሽ ቱቦው አየር ይስባል፤ ሞተር ሲጠፋ መሪ ይጠነክራል፣ የፍሬኑም ንፋስ እየተሟጠጠ ይሄዳል። ጀርባዋ ላይ የተቆለለ ጤፍ፣ ከፊቷ ገደል።

ደወለ። ኔትወርክ የለም። ደግሞ ደወለ። ቁርጥራጮቹን ኪሱ ከቶ፣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ሚኒባስ ላይ ተሳፈረ። ሉማሜ ሲደርሱ መንገድ ዳር የቆሙትን የጭነት መኪኖች አንድ በአንድ አያቸው፤ የሉም። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል። እርጥቡ ላይ ቆሞ ምርቃት ሲቀበል የነበረ ሰው አሁን ድንግል ማርያምን ያስጨንቃል፤ «ደጀን ላይ ሻይ ይጠጡ፣ ምሳ ይብሉ፣ ብቻ ይቁሙ» ይላል። ደጀን ሲደርስ አልፈዋል። አንድ ጀሪካን ናፍጣ ገዝቶ ቁልቁል በሚወርድ መኪና ላይ ለምኖ ወጣ። በየመታጠፊያው ገደል ገብተው እንዳያያቸው ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሳያያቸው እንዳያልፍ ደግሞ ይገልጣል።

አምስተኛው መታጠፊያ ላይ አገኛቸው። መኪናዋ በገደሉ በኩል ሳይሆን በተራራው በኩል አፍንጫዋን ቦይ ውስጥ ተክላ ቆማለች። ምስጋናው ጀሪካኑን ይዞ ዘሎ ወረደ።

ሥራነሽ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ቀኝ ክንዷ አብጦ በነጠላዋ አንገቷ ላይ ታስሯል። ቅቤው አስፋልቱ ላይ ፈሷል። ደመላሽ ከፊቷ ይንጎራደዳል።

«አበልጅ!» አለ ሲያየው፤ እንባው መጣ። «ማን ነገረህ? እግዜር ነው የላከህ። ማርሽ ልቀይር ፍሪሲዮን ስረግጥ ሞተሩ ጠፋብኝ። መሪው ድንጋይ ሆነ። እንዴት አድርጌ ወደ ተራራው እንደጠመዘዝኩት አላውቅም።» ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ሃያ ዓመት የምታነቢውን ዘንግ! ጎሃ ጽዮን ይበቃናል አልሽኝ፤ በረሃው መሀል ደረቅን። ሁለት ነፍስ ልታጠፊ!»

ሥራነሽ ፊቷን ከባሏ አዞረች። ለምስጋናው ቀስ ብላ፣ «ዓይኔ ነው መሰል አበልጅ» አለችው። «እርጅናው መጥቶ ሳላውቀው። እንግዲህ ያንን ሕፃን በምን ዓይኔ እጠብቀዋለሁ? እሳት ውስጥ ቢገባብኝስ?»

ምስጋናው እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። ብረቶቹ በላብ ርሰዋል። ማንም አያውቅበትም። ጀሪካኑን መገልበጥ፣ አየሩን ማስወጣት፣ ነገ ጠዋት ደግሞ ቱቦውን ፈትቶ በጸጥታ መበየድ። ደመላሽ እስኪሞት ሲመርቀው ይኖራል፤ እሷ ደግሞ ዘንጓን ዳግመኛ አትነካም። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበው፤ ማሰቡ አሳፈረው።

«ዓይንሽ ደህና ነው» አላት። ቁርጥራጮቹን ከኪሱ አውጥቶ በጤነኛው መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

ሥራነሽ ብረቶቹን አየቻቸው። ከዚያ ዘንጓን ከአጠገቧ ስባ ጭኗ ላይ አጋደመች፣ ቁርጥራጮቹን ከዘንጓ ሥር ጀምራ በግራ እጇ አንድ በአንድ ደረደረቻቸው። የመጨረሻው ጫፍ ደጀን የተጫረችበት ላይ ደረሰ።

«አራት ነው» አለች። «እኔ አንድ ብዬ ነው የለካሁት። ልክ ነበርኩ።» ክንዷ ሲሰበር ያላለቀሰች ሴት ያን ጊዜ አለቀሰች።

«መቁረጤን አውቅ ነበር» አለ ምስጋናው። «ሳትነሱ ልነግራችሁ ይገባ ነበር። አፈርኩ።»

ደመላሽ ወደ ሚስቱ ቀረበ። አንዱን ቁራጭ አነሳና በዝገቱ በኩል አገላበጠው። የዓባይን ገደል ቁልቁል አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ከዚያ ሄዶ የሰልባቲዮውን ክዳን ከፈተ።

«ምስጋናው» አለ፣ ሳይዞር። «ጀሪካኑን አቀብለኝ።»

ምስጋናው የተጠራውን ሰው ሊያይ ወደ ኋላው ዞር አለ። ከኋላው መንገዱ ብቻ ነበር። ጀሪካኑን አንስቶ አቀበለው።