በሰርዲን ጣሳ የረጋ ሳሙና

ናዝሬት ልደቱን አግብታ አያት ኮንዶሚኒየም የገባች ሰሞን መጀመሪያ ያስተዋለችው የጥርስ ሳሙናውን ነበር። ቱቦው ተጨምቆ ተጨምቆ ሲጠፈጠፍ ልደቱ ወገቡ ላይ በመቀስ ይቆርጠውና ውስጡ የቀረውን በብሩሹ እየጠረገ ይጨርሰዋል። የገላ ሳሙናም ሲያልቅ፣ የቀረችውን ስስ ቁራጭ እርጥብ እንዳለች አዲሱ ላይ ይለጥፋታል። ሻምፖው ሲጎድል ውሃ ጨምሮ ይንጠዋል።

ልደቱ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነው፤ በሌላ ነገር ቆጥቋጣ የሚባል ሰው አይደለም። እንግዳ ሲመጣ ሥጋ ገዝቶ የሚገባው እሱ ነው። ስለዚህ ናዝሬት መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ለመደችው።

አንድ ቅዳሜ እህቷ ሃኒ ከመሪ ሰፈር መጣች። እነሱ ሰፈር ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ከሰዓት ደግሞ ሰርግ ነበረባት። ፀጉሯን ልትታጠብ ገብታ ብዙም ሳትቆይ ድምጿ ተሰማ።

«ናዚ፣ ይሄ ሻምፖ ነው ወይስ ጠበል?»

ናዝሬት በሩ ጋ ቆማ ሳቋ አመለጣት። «የልደቱ ሥራ ነው። ሳሙናውንም እዪው፣ ባለ ሦስት ቀለም ነው።»

ሁለቱ እየተቀባበሉ ሳቁ። ልደቱ ሳሎን ተቀምጦ ፈተና እያረመ ነበር፤ ሁሉንም ሰማ። ተነስቶ ወጣና ከሱቅ አዲስ ሻምፖ ገዝቶ መጥቶ ለሚስቱ አቀበላት።

ከዚያ በኋላ መቀሱን ማንሳት ተወ። ናዝሬት ግማሽ እንኳ ያልደረሰ የጥርስ ሳሙና ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ታገኝ ጀመር። ገና ብዙ የሚያገለግል ሳሙናም ይጣላል።

«ምን ሆነሃል?» ስትለው፣ «ምንም፣ ያለቀ መስሎኝ ነው» ይላታል። አላኮረፈም፤ አብሯት ይበላል፣ ያጫውታታል። ግን ከመታጠቢያ ቤት ሲወጣ ፊቱ ይጨፈግጋል።

ነገሩ ሲከብዳት ከሥራ መልስ አማቷ ዘንድ ላምበረት ወረደች። የልደቱ እናት ወይዘሮ ሙሉጌጥ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ አንድ አልጋ ቤት ውስጥ ክፍል ሲያጸዱ የኖሩ ናቸው፤ አሁን ጉልበታቸው እያስቸገራቸው ቤት ውለዋል። ናዝሬት መሳቋን ሳትደብቅ ሁሉንም ነገረቻቸው።

«መንገደኛ በማለዳ አውቶቡስ ሲሳፈር ሳሙናውን ትቶ ይሄዳል» አሉ ወይዘሮ ሙሉጌጥ። «እኔ ለቃቅሜ አመጣና በቢላ ፍቄ፣ ትንሽ ውሃ አድርጌ ከሰል ላይ አሟሟው ነበር። ሰርዲን ጣሳ ውስጥ ሲረጋ ደህና ሳሙና ይወጣዋል። ልጆቼን ያሳደግኩት በሱ ነው።»

«ልደቱ ያውቅ ነበር፣ እማማ?»

«ያውቃል እንጂ። ስድስተኛ ክፍል እያለ የክፍሉ ልጆች፣ በሰው ትራፊ ነው የምትታጠበው ብለው ሰደቡት። በሱ አልታጠብም አለኝ። እኔም ሌላ የምገዛበት አልነበረኝም። በውሃ ብቻ ሲለቃለቅ ከረመ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ቢላውን ይዞ ቁጭ ብሎ ሳሙና ይፍቃል። በረኪና እጄን ልጦት ነበርና፣ ‹እጅሽ እስኪድን እኔ እሠራዋለሁ› አለኝ። እጄ ዳነ፤ እሱ ግን አልተወም። ዩኒቨርሲቲ እስኪገባ የቤቱን ሳሙና የሠራው እሱ ነው።»

ናዝሬት ቤት ስትደርስ ልደቱ እራት እያሞቀ ነበር።

«እማማ ጋ ነበርኩ። ስለ ሳሙናው ነገሩኝ» አለችው።

ድስቱን አማሰለ፣ እሳቱን ቀነሰ። «ሃኒ ፊት ስትስቂብኝ ከፋኝ» አለ በመጨረሻ። «እዚያው ክፍል ውስጥ፣ እነዚያ ልጆች መሀል ያለሁ መሰለኝ።»

«አጥፍቻለሁ። ይቅርታ።»

«እኔም እልህ ይዞኝ ነው የምጥለው። ከጣልኩት በኋላ ደግሞ ተመልሼ ላነሳው ያምረኛል።»

ናዝሬት ፈገግ አለች፤ እሱም ቀና ብሎ አያት።

«የጥርስ ሳሙናውን እንደፈለግክ ቁረጠው። ሻምፖው ውስጥ ግን ውሃ አትጨምር፤ ፀጉሬ አልጸዳ እያለ ነው።»

«የኔ ፀጉር አጭር ስለሆነ ይበቃኛል፤ ያንቺን አላሰብኩትም» አለ ልደቱ፣ ከልቡ ተገርሞ።

በማግስቱ ናዝሬት ለሃኒ ደወለች። እናቱ የነገሯትን አላወራቻትም። «ሁለተኛ በሱ አንስቅም» አለቻት ብቻ። ሃኒ ምክንያቱን ጠየቀቻት፤ ናዝሬት ግን ስለ ሰርጉ እንድታጫውታት ጠይቃ ወሬውን ቀየረች።